ሌሊሳ የላከልኝ ጌም

አጎቴ ሌሊሳ ከደቡብ አፍሪካ ጌም ሊልክልኝ ቃል ከገባልኝ ቆይቶ ነበር። በእጅ የሚያዝ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ጌም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውላል፤ ከእናቴ ጋር አውርተው ሲጨርሱ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። «ቤርሲ፣ ገዝቼ አስቀምጬልሻለሁ እኮ፤ የሚመጣ ሰው ነው የጠፋው» ይለኛል። እኔም ወሬው ሳይቀዘቅዝ ለኢየሩ አደርሳለሁ። ኢየሩ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አባቷ ታብሌት ከገዛላት ወዲህ ሰውን ከቁብ አትቆጥርም ነበር።

የሚመጣው ሰው ሐምሌ ላይ መጣ።

የዚያ ዓመት ክረምት ክፉ ነበር። ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ጭጋጉ ከእንጦጦ ይወርድና ግቢያችን ውስጥ ይተኛል፤ ጠዋት በር ስንከፍት የጎረቤት ቆርቆሮ እንኳ አይታየንም። መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። እናቴ ቦንቱ እርጉዝ ነበረች፤ ከአልጋ አትወርድም። ከእኔ በኋላ የፀነሰቻቸው ሁሉ ሳይወለዱ ስለቀሩ ሐኪሙ ይሄኛው እንዲተርፍ ከፈለገች እንድትተኛ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳትደነግጥ አዟት ነበር። አባቴ ጌቱ ይህችን «እንዳትደነግጥ» የምትለዋን ቃል ጠዋት ማታ ይደግማታል። በር ጮክ አድርጌ ከዘጋሁ፣ ኩባያ ከጣልኩ፣ «እናትሽን ልትገድያት ነው?» ይለኛል። የሕፃኑ ሕይወት በእኔ ኮቴ ላይ ያለ ስለሚመስለኝ ቤት ውስጥ በጫማ መሄድ ትቼ ነበር።

እንግዳው ረጅም ቀጭን ሰው ነው። ለጉለሌ ብርድ የማይሆን ስስ ጃኬት ለብሶ፣ ትንሽ ሰማያዊ ቦርሳ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። «አሽረፍ እባላለሁ። ከሌሊሳ ጋር አንድ ሱቅ ነው የምንሠራው» አለ። እኔ ዓይኔ ቦርሳው ላይ ነው። አባቴ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌር ስለነበር ትምህርት ሲዘጋ ቤት ይውላል፤ ወጣና ሰላም አለው። የገረመኝ ወደ ቤት አለማስገባቱ ነው። በዝናብ ይዞት ሄዶ በር ላይ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።

በመስኮት ሳያቸው ቆየሁ። አሽረፍ ያወራል፤ አባቴ ወደ ፊት ወደ ፊት ያያል። ከዚያ አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቀና አላለም። መስታወቱ በትንፋሻቸው ደብዝዞ እስኪጠፉብኝ ድረስ እንደዚያው ነበር። አባቴ የተናደደው እንግዳው ጌሜን ረስቶት ስለመጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሲመለሱ የአባቴ ዓይን ቀልቷል። «ዝናቡ» አለኝ ሳልጠይቀው። ከቦርሳው ውስጥ ጌሙን አውጥቶ ሰጠኝ። «እንኪ። ሌሊሳ ነው የላከልሽ።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ጥቁር ጌም ነው፤ ጀርባው ተፋፍቋል፣ የባትሪው ክዳን በፕላስተር ተጣብቋል፣ ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ተሰምሯል። በቀኝ በኩል ካሉት ቁልፎች አንዱ ሲጫኑት ገብቶ ይቀራል፤ በጥፍር ካልፈለቀቁት አይወጣም። ካርቶን የለው፣ ምን የለው። አሽረፍ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና አላነሣ አለ። ለማያውቁት ልጅ እንዲህ አይደረግም ብዬ አሰብኩ።

«ማነው የመጣው?» አለች እናቴ ከመኝታ ቤት።

አሽረፍ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ፣ በቃሉ የሸመደደውን እንደሚወጣ ተማሪ «ሌሊሳ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል። ሰላም በልልኝ ብሏል» አላት። እናቴ እሱን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጌም አየች።

«አሮጌውን ነው የላከላት?»

«አዲሱማ ጉምሩክ ላይ ያስቸግራል ተባለ» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። «ይሄ ያገለገለ ስለሆነ ማንም አይነካውም። አዲሱ በሌላ ሰው ይመጣል።»

«እ» አለች እናቴ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችው።

ዛሬ የማውቀው ይህን ነው። አሽረፍ በራችንን ሲያንኳኳ ሌሊሳ ከተቀበረ ሰንብቷል። ሱቃቸውን ሊዘርፉ የገቡ ሰዎች ተኩሰውበት ሞተ፤ የአገሩ ልጆች ተሰብስበው እዚያው ቀበሩት። ሰማያዊው ቦርሳ የሟች ዕቃ ነበር። አባቴ መርዶውን የሰማው ሚኒባሱ ውስጥ ነው፤ ልብሶቹን ከኋላ ወንበር ሥር ደብቋቸው ነበር። መርዶ ደግሞ እንደ ተሰማ አይነገርም። ይመከርበታል፣ ቀን ይመረጥለታል፣ ከዚያ ሽማግሌዎች በማለዳ፣ ሰው ወደየጉዳዩ ሳይበተን ሄደው ያረዳሉ። ለእናቴ ሌሊሳ ወንድም ብቻ አልነበረም። እናታቸው ሱሉልታ ላይ ስትሞት እሱ ገና አልዳኸም፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይህን ነገር አሁን ብትሰማ ሕፃኑ እንደማይተርፍ ማንም አልተጠራጠረም። ስለዚህ እስክትወልድ እንዲቆይ ተወሰነ። እንግዳው ግን በዓይን ታይቷል፣ ባዶ እጁን አልመጣም፤ አባቴም የሟቹን ጌም ስጦታ አደረገው። የአገራችን ሰው መርዶ ለማቆየት የማይዋሸው ውሸት የለም።

እኔ በጊዜው የነበረብኝ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ይሄ ጌም ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

ለኢየሩ ሳሳያት በሁለት ጣቷ ያዘችውና «ይሄ የኛ ቤት ሪሞት ነው የሚመስለው» ብላ መለሰችልኝ። ነገሩ እውነት ነበር። ባትሪው አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያስጨርስ ይሞታል። ያ ገብቶ የሚቀረው ቁልፍ ደግሞ ኳስ የሚመታበት ቁልፍ ስለሆነ ተጫዋቼ ጎሉ አፍ ላይ ደርሶ ቆሞ ያያል። ልጥለው ወስኜ ነበር። ጌሙ ውስጥ ግን ቡድኑን አገኘሁት።

ሌሊሳ የተጫዋቾቹን ስም ቀይሮ ቤተሰቡን በሙሉ ኳስ ሜዳ አስገብቶናል። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። በረኛው አባቴ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ተሰጥቶታል። ተከላካይ መስመር ላይ የአባቴ እህት ደሳለች አለች፤ ሳቄ መጣ፣ እሷን አልፎ የሚሄድ እንደሌለ ሌሊሳም ያውቃል ማለት ነው። እኔ አጥቂ ነኝ። እናቴ አምበል ናት። እሱ ራሱ የለም። ሌሊሳ ራሱን ተጫዋች አላደረገም፤ እኛን የሚያጫውተው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ያልለመደውን ሆነ። አክስቴ ደሳለች «እስክትወልድ ላግዛት» ብላ ብርድ ልብሷን ይዛ መጣች። ይዛው የመጣችው ሌላም ሕግ ነበር። ስልክ ለፅንስ ጥሩ አይደለም ተብሏል ብላ የእናቴን ስልክ ወሰደች። እሁድ ሲደርስ እናቴ «ሌሊሳ አልደወለም?» ትላለች፤ ደሳለች «ኔትወርክ የሌለበት ከተማ ሄዷል አሉ እኮ» ትላለች። ሳሎን ግድግዳው ላይ የነበረው የሌሊሳ ፎቶግራፍ አንድ ቀን ጠዋት ጠፋ፤ ምስማሩ ብቻ ቀረ። «መስታወቱ ተሰነጠቀና ሊሠራ ሄደ» አለችኝ። እኔ ግን ማታ ሙሉ መስታወት እንደነበረው አይቻለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ። እናቴ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ፤ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ፊታቸው ይወድቃል። ኩሽና ስገባ ወሬ ይቆማል። ሁሉም እኔን ሲያይ አንገቱን ያዘነብላል። አንድ ቀን ደሳለች ሹራቧን ስታወልቅ ከውስጥ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ አየኋት፤ ሰው በር ሲቆረቁር ፈጥና ሹራቡን መልሳ አጠለቀችው። አንድ ክፉ ነገር ቤታችን ውስጥ እንዳለ ገብቶኛል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ስሞክር ያለፉትን ቀናት ወደ ኋላ እቆጥራለሁ፤ ሁሉም ነገር የተለወጠው ጌሙ ከገባ ጀምሮ ነው።

ጥርጣሬዬን ያጸናው የትልልቆቹ ስብሰባ ነው። ጋሽ ደበላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከእንጦጦ ማዶ የመጡ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው፣ አባቴና ደሳለች ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ጋሽ ደበላ ጌሜን በእጃቸው ይዘው እያገላበጡ ያዩታል።

«ጌቱ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ቤት ቢወጣ ይሻላል» አሉ። «እያደር ነገር ያመጣል።»

«ድንገት ከወሰድንባት ታለቅሳለች» አለ አባቴ። «ልጅቷ ካለቀሰች ደግሞ እናቷ ምን ሆነሽ ትላለች።»

«የተሻለ ስጧትና ራሷ ትተወው» አለች ደሳለች። «ልጅ ናት፤ አዲስ ካየች ዞር ብላም አታየው።»

ጋሽ ደበላ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት ጠብቅ። የተከፈተውን በር ዝጋ» አሉ። ጌሙን በእጃቸው እንደያዙ ነው። የሰንበት ትምህርት መምህራችን ጌም የጸሎትን ጊዜ የሚሰርቅ የሰይጣን ሥራ ነው ብላን ስለነበር ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ለአንድ ያረጀ ጌም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መምጣቱ ትንሽ እንኳ አልበዛብኝም። ልጅ የዓለም ጉዳይ በሙሉ በእሱ ዕቃ ዙሪያ የሚዞር ይመስለዋል። ያን ቀን ከአልጋዬ አርቄ ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬው ተኛሁ።

በማግስቱ አባቴ «ጌምሽን ያዢ፣ በተሻለ እናስቀይርልሽ» አለኝ። ወደ ጳውሎስ ወረድን። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ በፋርማሲዎቹ መሐል፣ ቢኒያም የሚባል ሞባይልና ጌም የሚጠግን ልጅ አለ። መኪና ማቆሚያ ስለሌለ አባቴ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመንገዱ ዳር ጠበቀኝ። የራጅ ፖስታቸውን በዝናብ ልብስ ሸፍነው የሚሄዱ በሽተኞች መሐል አልፌ ብቻዬን ገባሁ።

ቢኒያም ጌሙን አገላብጦ አየና «አሮጊት ናት እኮ» አለ። «ቢሆንም ለመለዋወጫ ትሆነኛለች። ትንሽ ጨምሮ አባትሽ ይከፍላል፣ ይሄን ውሰጂ።» ነጭ ጌም ሰጠኝ። ስክሪኑ ያበራል፤ ቁልፎቹ ሁሉ ይነጥራሉ። እጄ ላይ አልከበደኝም።

«ውስጧ ያለው ቡድን ወደዚህኛው ይገለበጣል?»

«አይገለበጥም፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። በቃ፣ የራስሽን ቡድን ትሠሪያለሽ።»

እዚያ ቆሜ አሰብኩ። በረኛውን አባቴን አሰብኩ፤ አምበሏን እናቴን አሰብኩ። ደግሞ በዚያ በኩል ኢየሩን አሰብኩ። ከሁሉም ይልቅ የጋሽ ደበላ ጸሎት ታወሰኝ፤ ጌሙ ከወጣ ክፉው ነገርም አብሮ ይወጣ ይሆናል። «ቀይረው» አልኩት።

ቢኒያም ከመቀበሉ በፊት ያ የሚጣበቀው ቁልፍ ምን እንደሆነ ልይ ብሎ ብሎኖቹን ፈታ፤ የፊቱን ክዳን አነሣና ጎንበስ አለ። ከዚያ እጁ ቆመ። በቀጭን መቆንጠጫው የሆነ ነገር ነካ፣ መቆንጠጫውን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የአጎቴ። ሱቅ አለው፤ ከውጭ ነው የላከልኝ።»

ክዳኑን መልሶ ገጠመ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ በቀስታ አሰረ። ነጩን ጌም ከእጄ ወስዶ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ከዚያ ጥቁሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ፣ አባቴ ወዳለበት መኪና ሄደ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ሲያወራው አየሁ። አባቴ አፉን በእጁ ሸፈነ። ቢኒያም ተመልሶ ሲያልፍ «ይቅርታ የኔ እህት፣ አልወስደውም» አለኝ። ለመለዋወጫ እንኳ የማይሆን የመጨረሻ እንቶ ፈንቶ ነው ማለት ነው። እንባዬ መጣ።

ቢኒያም ዛሬም እዚያው ይሠራል፤ ሱቁ ሰፍቷል። ትልቅ ሰው ሆኜ ስጠይቀው ወዲያው አስታወሰኝ። ቁልፉ ሥር ደርቆ የነበረው ደም ነው። አሽረፍ ከላይ ከላይ ጠርጎት ነበር፤ ውስጡን ግን ማን ይከፍታል?

አባቴ በዚያን ቀን ቤታችን መታጠፊያ ላይ ደርሶ አልታጠፈም። አስፋልቱ እስኪያልቅ ዳገቱን ወጣና አቆመ። ጭጋጉ መኪናውን ዋጠው። ብዙ ከተቀመጥን በኋላ «ለእማዬ የት እንደሄድን አትንገሪያት» አለኝ። ጌሙን ሊጥለው ፈልጎ እንደነበር ከብዙ ጊዜ በኋላ ነግሮኛል። ውስጡ ምን እንዳለ ካወቀ በኋላ ግን መጣል አቃተው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ትጠብቀኛለች። ትራሷን ተደግፋ ቀና ብላለች።

«ጌሙ የት ሄዶ ነው?»

ዋሽቻት አላውቅም። «ሊቀየር ነበር። ቢኒያም አልወስድም አለ።»

«ዳግመኛ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።» ጮክ አላለችም። ሆኖም እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። «በሩን ዝጊውና ወደዚህ ነይ። የፀጉር መርፌሽን ስጪኝ። ውሃም በኩባያ።»

ጌሙን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የነጠላዋን ጫፍ ውሃ ነክራ በመርፌዬ እየጠቀለለች በየቁልፉ ዙሪያ፣ በክዳኑ ስንጥቅ፣ እጅ በማይደርስበት ሁሉ አስገብታ ጠረገች። ነጠላው ቡናማ እየሆነ ይወጣል።

«ቸኮሌት ነው መሰለኝ» አልኳት። ሌሊሳ ቸኮሌት ይወዳል።

«ይሆናል» አለች።

አልቸኮለችም። ሕፃን ፊት የምታጥብ ይመስል ነበር። ስትጨርስ ነጠላውን ሊታጠብ አልሰጠችኝም፤ እርጥቡን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ትራሷ ሥር አኖረችው። ከዚያ «እስቲ ክፈቺውና ውስጡ ያለውን አሳዪኝ» አለችኝ።

ቡድኑን አሳየኋት። ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ደሳለች ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «እኔ ምንድነኝ?» አለች። አምበል እንደሆነች፣ አምበል ማለት ሌሎቹን የምትመራ ማለት እንደሆነ ነገርኳት። የሚጣበቀው ቁልፍ ከጽዳቱ በኋላ ትንሽ ተሽሎት ነበር፤ አንድ ጎል አገባሁላት።

«ቤርሲ፣ ይሄ ይጠቅማል ትያለሽ?»

«አይጠቅምም እማዬ። ባትሪው ሞቷል፣ ስክሪኑም መስመር አለው። ሌሊሳ ሲደውል አዲሱን ላክልኝ እለዋለሁ።»

«እንግዲያው እስኪደውል ይጠቅማል» አለችኝ።

ከዚያን ቀን በኋላ ጌሙ የእናቴ ሆነ። ቀኑን ሙሉ አልጋዋ ውስጥ ይዛው ትውላለች። አትጫወትበትም፤ የስሞቹን ዝርዝር ከፍታ ታያለች። ባትሪው ሲያልቅ እኔን ትጠራኛለች፣ ገመዱን እሰካላታለሁ፣ እንደገና ይበራል። መብራት ሲጠፋ ጨለማ ስክሪኑን ታያለች። ሰው ሊጠይቃት ሲገባ ፈጥና ብርድ ልብሱ ሥር ትከተውና ትስቃለች፣ ታመሰግናለች፣ ስለ አየሩ ታወራለች። ሰዎቹ «ጌታ ይመስገን፣ ደስ ብሏታል» እያሉ ይወጣሉ። በሩ ሲዘጋ ፊቷ እንደ ጠፋ መብራት ይሆናል። ይህን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በጣም ፈራሁ። ክፉው ነገር ከእኔ ወደ እናቴ ተሻግሯል፤ ጌሙ ውስጥ ሆኖ እየበላት ነው። ለማንም እንዳልናገር ከቤት እንዳይወጣ ብላኛለች። እንዳልተው ጋሽ ደበላ ነገር ያመጣል ብለዋል። ኩሽና ውስጥ ከማድጋው ጀርባ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ይሰበር» ብዬ ጸለይኩ። ጌታም ሰማም አልሰማም ጌሙ አልተሰበረም።

ምጡ የመጣው በመስከረም፣ ሰማዩ በጠራ ሰሞን ነው። አባቴ ሚኒባሱን አስነሥቶ ደሳለችና እናቴ ሲገቡ እናቴ ጠራችኝ። ጌሙን አቀበለችኝ። «እስክመለስ እንዳይጠፋ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጬ ብርቱካንማዋን የቻርጅ መብራት አየሁ። እናቴ ትሞታለች ብዬ ነበር። ተመለሰች፤ ወንድ ልጅ ይዛ፣ ቀይ፣ ጯሂ፣ ጤነኛ።

ስም የሚወጣለት ጊዜ ሁላችንም አልጋዋ ዙሪያ ነበርን። እናቴ ሕፃኑን እያየች «ሌሊሳ ብንለውስ?» አለች።

ደሳለች የሕፃኑን ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውን ደግማ ታጥፋለች። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሌሊሳ እያለማ እንዴት ይሆናል?» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ዛሬ ያን አስተያየት አስታውሼ ሳስብ አዝናለት ነበር እላለሁ፤ እየሰጠመ ላለ ሰው እጇን እንደ መዘርጋት ነበር፤ እሱ ግን አልያዘውም። «እውነትህን ነው» አለችው። «እንዲያው አፌ ላይ መጥቶ ነው።» ሕፃኑ ኪሩ ተባለ።

መርዶው ኪሩ ከጠናና እናቴ ከአራስ ቤት ከወጣች በኋላ ሆነ። በዋዜማው እናቴ ሳሎኑን አስጠረገችኝ፤ ከጎረቤት አግዳሚ አስመጥታ በግድግዳው ዙሪያ አስደረደረችኝ። የጸሎት ፕሮግራም መስሎኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ሊከፍት ሲሄድ እግሩ ይጎተታል። ጋሽ ደበላ ገቡ፤ ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ አሽረፍም አለ። እኔ ከመጋረጃው አጠገብ ቆምኩ።

እናቴ ሳሎን መሐል ተቀምጣ አገኟት። ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ ተከናንባለች። ኪሩ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ሁለት ሴቶች እንደተነገራቸው ሄደው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ክንዷን ያዙ። መርዶ የሚረዳ ሰው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል እንዲህ ይያዛል። ጋሽ ደበላ አለባበሷን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ቦንቱ፣ ልጄ... የመጣነው...»

«ይቀመጡ ጋሽ ደበላ» አለቻቸው። «አይድከሙ። ሌሊሳዬ እንደሞተ አውቃለሁ።»

ማንም አልተቀመጠም።

«ጌሙ የገባ ቀን ነው ያወቅሁት። አዲሱን ለልጄ አሽጎ ማስቀመጡን ራሱ ነግሮኛል። የራሱን ደግሞ ሲተኛም ከእጁ አይለየው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ አውቀዋለሁ። በሕይወት ቢኖር የራሱን አይልክም።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አልሽ?» አለ አባቴ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ብደነግጥ ልጁ ይሞታል አላችሁኝ። አልደነገጥኩም። እናንተ ለእኔ ስትጨነቁ አየሁ፤ ካወቅሁ ምን እንደምትሆኑ ደግሞ ፈራሁ። የመርዶውን ቀን ስትቆርጡም ከመኝታ ቤት ሰምቻችኋለሁ። ወደ ግድግዳው ዞሬ አልቅሼ ጨርሻለሁ ጌቱ። አንተ ግን አላለቀስክለትም። አሁን አልቅስ። ሁላችሁም አልቅሱ፤ ይበቃችኋል መያዝ።»

አባቴ ባለበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንደ እሱ ያለ ልቅሶ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ደሳለች ደረቷን መታች፤ ሹራቧን ከላይዋ ገፈፈችና ጥቁሩ ታየ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሣ። አሽረፍ ፊቱን በጃኬቱ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። «ሌሊሳዬ፣ ልጅ እግሩ» ይላል አንዱ፤ «ሰው አገር የቀረህ» ይላል ሌላው። ኪሩ ነቅቶ መጮህ ጀመረ።

«ማነው የሞተው?» አልኩ። ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠሩ ሰምቼዋለሁ። ቢሆንም ጠየቅሁ። «እማዬ፣ ማነው የሞተው?»

ድምፄ የትም አልደረሰም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ካወቀ ቆይቷል። ጋሽ ደበላ ያውቃሉ፣ የእድሩ ሰዎች ያውቃሉ፣ ቢኒያም እንኳ ያውቃል። እናቴም ታውቃለች። ለእሷ ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ተዋሸ፣ ስልክ ተደበቀ፣ ፎቶ ከግድግዳ ወረደ፣ ቀን ተመረጠ። እኔ ሌሊሳ ሲደውል የምለውን ነገር በየቀኑ እያሳመርኩ እለማመድ ነበር። መጋረጃውን ያዝኩት፤ መጋረጃው ከነዘንጉ ተነቅሎ አብሮኝ መጣ።

ወደ እኔ የዞረ አንድ ሰው ነው። እናቴ የሁለቱን ሴቶች እጅ ከክንዶቿ ላይ አላቀቀች።

«እኔን ልቀቁኝ» አለቻቸው። «ያልሰማችው እሷ ናት። እሷን ያዙልኝ።»